የሎስት አንድምታ

ሎስት የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም በኤቢሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 1997 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስድስት ሲዝንና 121 ክፍል ሄዶ እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2010 አበቃ። ታሪኩ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር ተሰባብሮ አንድ ደሴት ላይ ስለወደቀው ስለ ኦሺያኒክ በረራ 815 መንገደኞች ነው። ከአደጋው የተረፉት ሰዎች ደሴቱ ላይ የዋልታ ድብ፣ ዛፍ ነቅሎ የሚጥል ጥቁር ጭስ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት በርና ከእነርሱ ቀድመው የሰፈሩ ሰዎች ያገኛሉ። የማያገኙት ማብራሪያ ነው። ተመልካቹም ስድስት ዓመት ሙሉ ከእነርሱ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም።

የምሥጢር ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ተመልካቹን «ማን ገደለው?» ያሰኘዋል። ሎስት ግን «ይህ ስም ከየት መጣ?» አሰኘው። ከአንዱ ክፍል እስከ ቀጣዩ ሳምንት መጠበቅ ግድ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ የመጽሐፍ ርእስ ለማንበብ ምስሉን የሚያቆም፣ ኢንሳይክሎፔዲያ የሚገልጥ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አቧራውን አራግፎ የሚያገላብጥ ሰው በረከተ። እንዲህ ያለው ተመልካች በቤት ውስጥ በቀላሉ ይለያል። ሪሞቱን ለማንም አይሰጥም። ሰው ሁሉ ጀግናው ሊሞት ነው ብሎ ትንፋሹን ሲውጥ እርሱ ምስሉን ቀጥ ያደርግና መደርደሪያው ላይ ያለችውን አንዲት መጽሐፍ በጣቱ ያሳያል። «ኧረ ልቀቀው!» የሚለው ጩኸት አይሰማውም፤ ወርቅ ሊያገኝ ነውና።

ሥራው ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ የመጻሕፍቱን ንባብ በአማርኛ ሲተረጉሙ አንዱን ፍቺ ሰጥተው «አንድም» ይሉና ሁለተኛውን፣ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያስከትላሉ። ትርጓሜው አንድምታ የተባለውም በዚሁ ነው። የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን አይሽረውም። በቅኔ ቤት ደግሞ ሰሙንና ወርቁን የሚያገናኝ ኅብረ ቃል አለ። ኅብረ ቃል ሳያገኝ ወርቅ አገኘሁ የሚል ሰው ያገኘው የገዛ ሐሳቡን ነው። ሎስት ከሌሎች መጻሕፍትና ታሪኮች ጋር የሚያገናኙትን አቻዎች ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አይገኝም፤ ፊልሙ ለፈላጊ የሚያቀርበው ስም፣ ቁጥር፣ መጽሐፍና ጥቅስ ከልክ ያለፈ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚገባው ስሙ ነው። ደሴቱን የረገጡት ሰዎች በየተራ ሲጠሩ የፍልስፍና ክፍል መምህር የተማሪ ስም የሚቆጣጠር ይመስላል፦ ሎክ፣ ሂዩም፣ ሩሶ፣ በርክ፣ ባኩኒን። ቀጥሎ የፊዚክስ ባለሙያው ፋራዴይ ይመጣል፤ እርሱን ተከትላ ሻርሎት ስቴፕልስ ሉዊስ የምትባል ተመራማሪ ትመጣለች፤ በስሟ ውስጥ የናርኒያን ተረቶች የጻፈው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ቁጭ ብሏል። የታላላቅ ሰዎችን ስም ለሕፃን ማውጣት በየአገሩ ያለ ነው፤ ጥያቄው ስሙ ከግብር ጋር ይገጥማል ወይ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ (1632–1704) የሰው አእምሮ ሲወለድ ምንም ያልተጻፈበት ሰሌዳ ነው፤ ዕውቀት ከልምድ ይመጣል ብሏል። የፊልሙም ሦስተኛ ክፍል ርእሱ «ታቡላ ራሳ» ነው፤ በላቲን የተፋቀ ሰሌዳ ማለት ነው። የደሴቱ ጆን ሎክ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ከአገሩ ወጥቶ፣ አውሮፕላኑ ሲወድቅ በእግሩ የቆመ ሰው ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሁሉ ነገር በምክንያት የሚሆን፣ እርሱም ለዓላማ የተጠራ ይመስለዋል። ፈላስፋው «ማስረጃ» ሲል ኖረ፤ ሞክሼው ማስረጃ የሚጠይቀውን ሐኪም ጃክ ሼፐርድን «ማመን ለምን እንዲህ ይከብድሃል?» ይለዋል። ስሙ ያለው እዚህ፣ ግብሩ ያለው ማዶ ነው።

በኋላ ይኸው ሎክ ጄረሚ ቤንታም የሚባል ሐሰተኛ ስም ይሰጠዋል። ስም አውጪው ባለጸጋ ቻርልስ ዊድሞር፣ ወላጆችህ ሎክ ብለው ከቀለዱብህ እኔስ ምን ከለከለኝ የሚል ዓይነት መልስ ይሰጣል። ቀልዱ ከሚያስበው በላይ ይሄዳል። እውነተኛው ፈላስፋ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1832 ሲሞት ሬሳው እንዳይቀበር ተናዞ፣ አጽሙ ልብሱን እንደለበሰ ዛሬም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጦ ይታያል። የፊልሙም ቤንታም ከሞተ በኋላ አላረፈም፤ በሬሳ ሣጥን ሆኖ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ደሴቱ ይመለሳል። ያልተቀበረው ፈላስፋ ላልተቀበረው መንገደኛ ሞክሼ ሆነ። ይህ ግጥምጥም ያስቃል እንጂ ታሪኩን አይሸከምም፤ ስሙ ተለውጦ ሌላ ቢባል ሣጥኑ ከመሳፈር አይቀርም።

ወርቅ ያለበት ስም የስኮትላንዱ ሰው የዴዝሞንድ ሂዩም ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም (1711–1776) አንድ ነገር ሌላውን ተከትሎ ሲመጣ እናያለን፤ የሚያስተሳስራቸውን ገመድ ግን አናይም፤ ማሰሪያው የእኛ ልማድ ነው የሚል ጥያቄ አስነሥቷል። ዴዝሞንድ ከመሬት በታች ባለ ጣቢያ ሦስት ዓመት ተቀምጦ በየ108 ደቂቃው ስድስት ቁጥር ኮምፒዩተር ላይ እየጻፈ ቁልፍ ይጫናል። ካልተጫነ ዓለም ይጠፋል ተብሏል። ዓለም አልጠፋችም። ያልጠፋችው ቁልፉ ስለተጫነ ነው ወይስ ድሮም የምትጠፋ አልነበረችም? እንቅልፉን በ108 ደቂቃ ቆራርጦ የሚተኛ ሰው ይህን ጥያቄ ከማንም ፈላስፋ ይበልጥ ያውቀዋል። የሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ እንደሚያሳየው አንድ ቀን ቁልፉ ሳይጫን ዘግይቶ ነበር፤ ቀኗም አውሮፕላኑ የወደቀባት ቀን ነበረች።

እዚህ ላይ አማርኛ እንግሊዝኛው የሌለውን ኅብረ ቃል ይሰጣል። በእንግሊዝኛው የሚጫኑት ነገርና በር የሚከፍቱበት ነገር ስማቸው ለየቅል ነው፤ በአማርኛ ሁለቱም ቁልፍ ናቸው። ሎክ ቁልፉን መጫን ሲያስቆም፣ ዴዝሞንድ አደጋውን ለማቆም የሚያደርገው ሌላ ቁልፍ አውጥቶ ማዞር ነው። ሦስት ዓመት ሲጫነው የኖረው ቁልፍ ያልመለሰውን ጥያቄ አንድ ጊዜ ያዞረው ቁልፍ መለሰ። የፊልሙ ጸሐፊዎች ይህን አላሰቡትም፤ አማርኛ ግን አሰበላቸው።

ከስም ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል። በኮምፒዩተሩ የሚጻፉት ስድስቱ ቁጥሮች 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23 እና 42 ናቸው። ሃርሊ የተባለው ወፍራም ደግ ሰው በእነዚሁ ሎተሪ ቆርጦ ሚሊዮነር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የነካው ሁሉ ይረግፋል። ቁጥሮቹ ሲደመሩ 108 ይሆናሉ፤ 108 በሂንዱና በቡድሂስት መቁጠሪያ ላይ ያለው የዶቃ ቁጥር ነው። ጣቢያውን የሠራው ድርጅት ስሙ ዳርማ፣ ሰላምታው «ናማስቴ»፣ ምልክቱም የቻይናዎቹ ስምንት ማዕዘን ባጉዋ ስለሆነ ይህኛው ድምር ቦታውን አግኝቷል። 42ን አንዱ ከዳግላስ አዳምስ የጠፈር ቀልድ ያመጣዋል፤ እዚያ የሕይወት ጥያቄ ሁሉ መልስ 42 ነውና። አንድም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ያሉት ሦስት ጊዜ ዐሥራ አራት ትውልዶች ድምር ነው ይባላል። አርባ አንድ ጊዜ ኪርያላይሶን ሲል ያደገ ሰው ደግሞ ቆጣሪው አንድ ጨምሯል ብሎ ያልፋል።

የቁጥር ፍለጋ አደጋው በ23 ላይ በደንብ ይታያል። ናይጄሪያዊው ኤኮ በልጅነቱ ወንድሙን የሚን ለማዳን መሣሪያ አንሥቶ ገድሏል፤ አድጎ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ሆኗል፤ በኋላም የካህን ወንድሙን ልብስ ለብሶ ካህን ተብሏል። ደሴቱ ላይ የወንድሙን ሬሳ በወደቀች ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ያገኛል። አውሮፕላኗ የድንግል ማርያም ምስል ሞልታለች፤ ምስሎቹ ሆዳቸው ሄሮይን ነው። ኤኮ ከሱስ ጋር ከሚታገለው ከሙዚቀኛው ቻርሊ አጠገብ ቆሞ ሁሉን ያቃጥላል፤ እሳቱ እየነደደ የእረኛውን መዝሙር ይደግማል፤ ቻርሊም ይቀበለዋል። ኤኮም አንገቱ ላይ መስቀል ያጠልቃል። የዚህ ክፍል ርእስ «23ኛው መዝሙር» ነው፤ ፈላጊዎችም ይኸው 23 ብለው ከሃርሊ ሎተሪ ጋር አስተሳሰሩት።

በግዕዝ ዳዊት ግን የእረኛው መዝሙር 22ኛ ነው፤ ቁጥሩ የሰባ ሊቃናትን ትርጉም ይከተላልና። 22 ደግሞ ከስድስቱ ቁጥሮች መካከል የለም። ዳዊት የሚደግም ተመልካች በዚህ ብቻ የስንት ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣበትን ግኝት ያፈርሳል። ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ግን መውጫ አያጣም፤ ፊልሙ የተጀመረው በ22፣ ያለቀውም በ23 ቀን ነው፤ እንግዲህ ከግዕዙ ቁጥር ተነሥቶ በዕብራይስጡ ጨረሰ ማለት ነው! የአሜሪካ ጣቢያ የፕሮግራም ቀን ሲቆርጥ ዳዊት አይገልጥም። ግጥምጥም እንዲህ በቀላሉ ከተገኘ ዋጋው እንደማንኛውም በቀላሉ እንደተገኘ ነገር ነው። የትዕይንቱ ወርቅ ያለው ቁጥሩ ጋ ሳይሆን እረኛ የመሰለው ሰው እረኛ መሆን በጀመረበት እሳት ዳር ነው፤ 22 ቢሉትም 23 ቢሉትም እሳቱ ያው ነው።

የኤኮ በትርም ሌላ ትምህርት ሰጥታለች። ጥቅስ የተቀረጸባት ይህች በትር ከሞቱ በኋላ ሎክ እጅ ትገባለች። ከተቀረጸው መካከል በዘፍጥረት 13 ለአብራም የተነገረው፣ ወደ ሰሜን ተመልከት የሚለው ትእዛዝ አለ፤ አጠገቡ የተጻፈው ምዕራፍ ግን ዮሐንስ 3፥05 ነው። ጥቅሱ ከአንድ መጽሐፍ፣ ቁጥሩ ከሌላ። ሎክ አልተቸገረም፤ ስሙ ዮሐንስ ነውና ቃሉን ለራሱ ወሰደ፣ 305ንም የኮምፓስ ዲግሪ አድርጎ ጫካውን ሰንጥቆ ሄደ። የሚያስደነግጠው የሄደበት አቅጣጫ እውነትም ከአንድ ጣቢያ ማድረሱ ነው። በየቤቱ ምስል እያቆመ ጥቅስ የሚገጣጥመው ተመልካች ከዚህ የተሻለ ጠበቃ አላገኘም።

ሦስተኛው ዓይነት አቻ በሰው እጅ የሚታይ መጽሐፍ ነው። ሶየር የተባለው አጭበርባሪ ከሻንጣ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የደሴቱ ትጉህ አንባቢ ሌባው መሆኑ ራሱ አንድ ትርጓሜ ነው። የአየርላንዱ ጸሐፊ የፍላን ኦብራየን «ሦስተኛው ፖሊስ» በጣቢያው ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብትታይ ገበያዋ ደራ። በዚያ ልብ ወለድ ተራኪው መሞቱን ሳያውቅ ይኖራል፤ ስለዚህ የደሴቱ ሰዎችም ሁሉ ሙታን ናቸው የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ስድስት ዓመት ሙሉ አልሞተም፤ ፊልሙ ሲያልቅ በገጸ ባሕርይ አፍ በግልጽ ከተስተባበለም በኋላ ይኖራል።

የተሻለ የሠራች መጽሐፍ የቻርልስ ዲክንስ «የጋራ ወዳጃችን» ናት። ዴዝሞንድ ይህችን መጽሐፍ ከመሞቱ በፊት የሚያነባት የመጨረሻዋ እንድትሆን በላስቲክ አስሮ ይይዛታል። ጣቢያው ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን ሊያጠፋ የወሰነ ሌሊት ገለጣት። በገጾቿ መካከል ፍቅረኛው ፔነሎፒ ቀድማ ያስቀመጠችው ደብዳቤ ተገኘ። ፔነሎፒ መጽሐፏን የሚከፍታት መቼ እንደሆነ ታውቅ ነበርና ደብዳቤዋን ለዚያች ሰዓት አኖረችው። ዲክንስ በዚህ ልብ ወለድ ሰጠመ የተባለውን ሰው በሌላ ስም ይመልሰዋል፤ ዴዝሞንድም ባሕር በላው የተባለ መርከበኛ ነው። መጽሐፏ ከሥዕሉ ብትወጣ ሰውዬው በሕይወት አይገኝም። ሰሙና ወርቁ የተጣበቀበት መጽሐፍ ይህ ነው።

ፔነሎፒ የሚለው ስም ደግሞ ወደ ሆሜር ይወስዳል። በኦዲሲ የንጉሥ ኦዲሲዩስ ሚስት ፔነሎፒ ባሏን ሃያ ዓመት ትጠብቃለች፤ ሲመለስም እውነተኛው እርሱ መሆኑን የምታረጋግጠው ሁለቱ ብቻ በሚያውቁት የአልጋቸው ምሥጢር ነው። ዴዝሞንድ በጀልባ ውድድር ወጥቶ ደሴት ያስቀረው ኦዲሲዩስ ነው። የእርሱ ፔነሎፒ ግን ቤት ተቀምጣ አትጠብቅም፤ ሰው ቀጥራ ታፈላልገዋለች። «ኮንስታንት» በተባለው ክፍል ዴዝሞንድ አእምሮው ወደ 1996 ተመልሶ ስልክ ቁጥሯን ይቀበላታል፤ ስምንት ዓመት እንዳትቀይረው፣ በ2004 የገና ዋዜማ እንደሚደውልላት ይነግራታል። ይደውላል፤ ታነሣለች። በየዓመቱ ሲም ካርድ የሚቀያይር ሰው የዚህን ታማኝነት ክብደት አይረዳውም። ለሆሜር ሰዎች ምልክቱ አልጋ ነበር፤ ለእነዚህኞቹ ስልክ ቁጥር ሆነ፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱትን ለመመዘንም ይኸው መንገድ ይበቃል። የጃክ አባት ስሙ ክርስቲያን ሼፐርድ ነው፤ ሼፐርድ በድምፁ እረኛ ማለት ነው። የሬሳ ሣጥኑም ደሴቱ ላይ ባዶውን ተገኝቷል። ባዶ መቃብርና እረኛ አንድ ላይ ሲመጡ አንድምታ አያስፈልግም፤ በመጨረሻው ክፍል ከተራፊዎቹ አንዷ ኬት ራሷ ስሙን ሰምታ «የምርህን ነው?» የምትል ይመስል ትደነቃለች። በአንጻሩ ቤን የተባለው ተንኮለኛ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቶማስ ሥዕል ፊት ቆሞ ለጃክ የሚነግረው ነገር ጠለቅ ይላል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዳግማ ትንሣኤ የምታስበው ቶማስ በመጠራጠሩ ብቻ ይታወሳል፤ ከጌታው ጋር ለመሞት ሌሎቹን ያነሣሣውም እርሱ መሆኑ ይረሳል። ፊልሙ ጃክን የሚያደርገው እንዲሁ ነው። አምስት ሲዝን ሲጠራጠር ኖሮ በስድስተኛው ጎኑን ተወግቶ የሚሞተው እርሱ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው አቻ የደሴቱ ጠባቂ ነው። ስሙ ጄከብ፣ በአማርኛ ያዕቆብ ነው፤ ነጭ ይለብሳል። ጥቁር ለባሽ መንትያ ወንድም አለው። ክላውዲያ የተባለች ሴት መርከቧ ተሰብሮ ደሴቱ ላይ ስትወልድ በኩሩን ጄከብ አለችው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ያሰበችው ስም አንድ ብቻ እንደነበር ተናገረች። ወዲያው አዋላጂቱ በድንጋይ ገደለቻትና ልጆቹን አሳደገቻቸው። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ስም አላገኘም፤ ተመልካቹ ግን ዘፍጥረት 25ን ያውቃልና ዔሳው ብሎ ጠራው። በዘፍጥረት በኩሩ ዔሳው ነው፤ ብኩርናውን ለምስር ወጥ ይሸጣል፤ እናት ያዕቆብን ትወዳለች፤ በረከቱንም በእናቱ ዘዴ ይወስዳል። በደሴቱ በኩሩ ያዕቆብ ነው፤ አሳዳጊያቸው የምትወደው ሌላኛውን ነው፤ ያዕቆብ ጥበቃውን የሚቀበለው ሌላኛው ሊሄድ በመነሣቱ እንደ ተተኪ ነው። ስሙ ከመጽሐፉ መጣ፤ ታሪኩ ተገለበጠ። ያዕቆብ ያላማረበት፣ ዔሳውም የሚያሳዝንበት ምክንያት ይህ መገለባበጥ ነው፤ ምስር ወጥ ባይቀርብም የቀረበት ሰው አለ።

ጥበቃው የሚተላለፍበት ሥርዓትም የራሱ አቻ አለው። አሳዳጊዋ ለጄከብ ወይን አጠጣችው። ጄከብ ለጃክ ከወንዝ ቀድቶ ውኃ አጠጣው። ጃክ ለሃርሊ ያጠጣው በተጨማደደ ሃይላንድ ነው። በቃና ዘገሊላ ውኃው ወይን ሆኖ ነበር፤ በሎስት ወይኑ ውኃ፣ ውኃውም የላስቲክ ጠርሙስ ሆነ። ዕቃው ቢረክስም ሥልጣኑ አልረከሰም፤ ከሦስቱ ሁሉ ደሴቱን በደግነት የጠበቃት በሃይላንድ የተቀባው ሃርሊ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ከኋላ ያለው ባለቀለም መስኮት መስቀል፣ የዳዊት ኮከብ፣ ጨረቃና ኮከብ፣ የሂንዱ ኦም፣ የቡድሃ ዳርማ መንኰራኩርና የታኦ ዪንና ያንግ ይዟል። ብዙ ተመልካች ለስድስት ዓመት ጥያቄ አንድ መልስ ጠብቆ ስድስት ምልክት ስለተሰጠው ተቆጣ። አንድምታ ያደመጠ ሰው አይቆጣም፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን ሳይሽር ጎን ለጎን መቀመጡን ያውቃልና። ሆኖም አንድምታም ልክ አለው፤ ስሙ ወይም መጽሐፉ ቢነሣ ታሪኩ ሳይናጋ የሚቆም ከሆነ የተገኘው ጌጥ ነው። የሂዩም ቁልፍ፣ የዲክንስ መጽሐፍ፣ የፔነሎፒ ስልክና የያዕቆብ ብኩርና ቢነሡ ታሪኩ ይፈርሳል፤ የተቀረው ቢነሣ የሚጎዳ የለም።

ስለዚህ ሎስትን ለማየት የሚቀመጥ ሰው ዘፍጥረት 25ን፣ ዮሐንስ 20ንና ኦዲሲን አስቀድሞ ያንብብ፤ ሪሞቱንም ለሌላ ሰው ይስጥ።